ሕፃናትን ገንዘብ መቍጠርና መደመር ስለ ማስተማር



ሕፃን ልጅ ወደ ሱቅ ተልኮ መልሱን አጉድሎ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ በብዙ ቤት የመጀመሪያው ጥያቄ «የት አደረስኸው?» የሚል ነው፤ ቁጣና አለንጋም ይከተላሉ። ነገር ግን ልጁ ገንዘቡን ሳይሰርቅና ሳይጥል፣ የተሰጠውን መቍጠር ስላልቻለ ብቻ አጉድሎ ሊመጣ ይችላል። ያላስተማርነውን እንደ በደል ቈጥረን ስንቀጣው ሐቀኛውን ልጅ ሌባ ብለን እንሰይመዋለን። ስለዚህ ይህ ትምህርት በየቤቱና በየቁምስናው እንዴት ሊሰጥ እንደሚገባ ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

1. ቍጥር ከገንዘብ ይቀድማል። ገንዘብ ከማስጨበጣችን በፊት ባቄላ ወይም ጠጠር እናስቈጥረው። እያንዳንዱን በጣቱ እየነካ አንድ ቍጥር ብቻ ይጥራ። ቈጥሮ ሲጨርስ «ስንት ናቸው?» ብለን እንጠይቀው። እንደገና ከአንድ ከጀመረ፣ የመጨረሻው ቍጥር የሁሉም ብዛት መሆኑን ገና አላስተዋለም ማለት ነው። ቋንቋችንም ይረዳናል፤ «አሥራ አንድ» ስንል አሥርና አንድ ማለታችን ነው። ሠላሳ ከሦስት፣ አርባ ከአራት፣ ስድሳ ከስድስት ጋር በድምፅ ይቀራረባሉ። ሃያ ግን ከሁለት ጋር ስለማይመሳሰል ሁለት አሥር መሆኑን ለይተን ልናስረዳ ይገባናል።

2. ብዛትና ዋጋ ይለያያሉ። አምስት የ1 ብር ሳንቲሞችንና አንድ የ10 ብር ኖት አቅርበን «የትኛው ይበልጣል?» ብንለው፣ ሕፃኑ ብዙ ጊዜ አምስቱን ይመርጣል። በዓይኑ የሚያየው ብዛትን ነውና አንሣቅበት። ይልቁንም አሥር የ1 ብር ሳንቲሞችን በአንድ መስመር ደርድረን ከአጠገባቸው አንድ የ10 ብር ኖት እናስቀምጥ፤ ይህን በዚያ ደጋግሞ ይለዋውጥ። መዘርዘር ምን እንደሆነ በቃል ከምንነግረው ይልቅ በእጁ ሲያደርገው በተሻለ ይገባዋል።

3. ከትልቁ ይጀመር። የተደባለቀ ገንዘብ ሲሰጠው በመጀመሪያ በየዓይነቱ ይለየው፤ ከዚያም ከትልቁ ወደ ትንሹ እየወረደ ይቍጠር። ለምሳሌ አንድ 50፣ ሁለት 10፣ አንድ 5 እና ሦስት 1 ብር ቢይዝ፣ «50፤ 60፣ 70፤ 75፤ 76፣ 77፣ 78» ይላል። ለዚህም አስቀድሞ በአምስት አምስትና በአሥር አሥር መቍጠር መልመድ ይኖርበታል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው የ200 ብር ኖት እስከ መቶ ድረስ በሚገባ ከቈጠረ በኋላ ይምጣ።

4. መደመርና መልስ። አንዱ ዕቃ 25፣ ሌላው 18 ብር ነው እንበል። 18ን ወደ 10፣ 5 እና 3 ከፍለን በ25 ላይ እንጨምር፤ 35፣ 40፣ 43 ይሆናል። ልጁ 50 ብር ከከፈለ መልሱን በመቀነስ ብቻ ሳይሆን ወደ ላይ በመቍጠርም ያገኘዋል፤ ከ43 እስከ 45 ድረስ 2፣ ከ45 እስከ 50 ድረስ 5፣ በድምሩ 7 ብር። ይህ መንገድ ለሕፃን የሚቀልል ሲሆን፣ ከሱቅ ሳይወጣ መልሱን ለማረጋገጥም ይጠቅመዋል።

በዛሬው ገበያ የሳንቲም ዝርዝር እምብዛም ባይታይም፣ 1 ብር 100 ሳንቲም መሆኑን ማወቅ ተገቢ ነው። አያቶች «ስሙኒ» የሚሉት 25 ሳንቲም፣ «ሽልንግ» የሚሉት ደግሞ 50 ሳንቲም መሆኑን ቢነግሩት፣ አራት ስሙኒ አንድ ብር እንደሚሞላ ይረዳል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ከቍጥር 8 እስከ 10 ስለ ጠፋችው ድሪም የተነገረውን ምሳሌ ስታስተምሩ አሥር ጠጠሮችን አስቈጥሩ፤ ከዚያም አንዱን ሰውራችሁ እንደገና አስቈጥሩ። ሴቲቱ አንዱ መጥፋቱን ያወቀችው አሥር መሆናቸውን ታውቅ ስለነበር ነው። ዘጠኝ ብሎ የቆመ ሕፃን የጎደለውን መፈለግ ሲጀምር የምሳሌው ፍቺ ይቀርበዋል። ለሱቅ ጨዋታ ግን ገንዘብ ከቤት እንዲያመጡ አትዘዙ፤ ወረቀት ቈርጣችሁ ቍጥር ጻፉበት። በዚህ መንገድ ከድኻ ቤት የመጣው ልጅ በጓደኞቹ ፊት አያፍርም። ገና ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ለሚከት ሕፃንም ሳንቲም ወይም ጠጠር አይሰጠው።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁን ወደ ሱቅ ስትልኩ ገንዘቡን አብራችሁት ቍጠሩ፤ ስንት መልስ እንደሚቀበልም አስቀድሞ ይንገራችሁ። ሲመለስ ከመጠየቃችሁ በፊት እንደገና አብራችሁት ቍጠሩ። ጎድሎ ከተገኘም ስሕተቱ የት እንደሆነ አብራችሁ ፈልጉ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ዛሬ አሥር ብር በትክክል የቈጠረ ልጅ ነገ የሌላውን ሰው ገንዘብ ሳያጎድል የሚመልስ ታማኝ ሰው ይሆን ዘንድ መንገዱን ጀምሯል።