የፍቅር ልብ ወለድ በተማሪ ኪስ

የፍቅር ልብ ወለድ ብንወድም ከታክሲና ከፎቶ ኮፒ የሚተርፈን ገንዘብ ጥቂት ነው። ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሳንገዛ እናንብብ። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለአንባቢ ነፃ ነው።

ሁለተኛ፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ስንገዛ ሽፋኑ አያታልለን። እዚያው ቆመን ጥቂት ገጾች እናንብብ፤ የጎደለ ቅጠል እንዳለም እንይ።

ሦስተኛ፣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ነውና አራት ሆነን አንድ መጽሐፍ እንግዛ። እያንዳንዳችን ሩቡን ከፍለን በየሁለት ሳምንቱ ብንቀባበል በሁለት ወር ሁላችንም እናነበዋለን።

በምን እንጀምር? በ1958 ዓ.ም. በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ብንጀምር መልካም ነው። የድኻው መምህር የበዛብህና የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ የሰብለ ወንጌል ፍቅር ከባላባት ኩራት ጋር ሲጋጭ እናያለን። መጽሐፉ ወፍራም ስለሆነ ለብዙ ምሽት ይበቃናል፤ ካነበብን በኋላም የምንከራከርበት አያልቅብንም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን የተዋስነውን በቀኑ ስንመልስ ነው። አንድ መጽሐፍ እኛ ዘንድ ሲቀር፣ ተራውን የሚጠብቅ አንድ ወንድም ወይም እኅት ሳያነብ ይቀራል፤ ለሚቀጥለው መጽሐፍም የሚያዋጣ አይገኝም።