አንድ ስቶሪ ፖይንት ስንት ሰዓት ነው?

ጥያቄ፦ የሶፍትዌር ቡድን አስተባባሪ ነኝ። አለቃዬ ነጥቡን ወደ ሰዓት እንድቀይርላቸውና የሁለት ቡድኖችን ውጤት እንዳወዳድር ይጠይቁኛል። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ አይመነዘርም ይበሏቸው። ስቶሪ ፖይንት ቡድኑ አንድን ሥራ ቀድሞ ከሠራው ጋር እያስተያየ፣ መጠኑን፣ ውስብስብነቱንና ገና ያልታወቀውን ነገር አንድ ላይ የሚገምትበት መለኪያ ነው። ለእናንተ 3 የሆነው ለሌላው ቡድን 8 ቢሆን ማንም አልተሳሳተም። ማወዳደሩ እንዲያውም ይጎዳል፤ ትናንት 3 የነበረው ሥራ ነገ 5 መባል ይጀምራል። ከሐሳቡ ጀማሪዎች አንዱ የሆነው ሮን ጄፍሪስ እንኳ እንዲህ ያለውን አጠቃቀም አይቶ መጸጸቱን ጽፏል።

ለእኔ ዋናው ነገር ቡድኑ ሲገምት የሚያደርገው ውይይት ነው። ጄምስ ግሬኒንግ በ2002 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው ፕላኒንግ ፖከር ሁሉም ግምቱ የተጻፈበትን ካርድ በአንድ ጊዜ ይገልጣል፤ ማንም የአለቃውን ፊት አይቶ አይገምትም። የሞባይል ክፍያ ሥራ ቀርቦ አንዷ 3፣ ሌላው 13 አወጡ እንበል። አማካዩን ወስዳችሁ አትለፉ፤ ሁለቱንም ጠይቁ። ባለ 13ቱ ገንዘቡ ተቆርጦ ማረጋገጫው ሳይመጣ ኔትወርክ ቢቋረጥስ ብሎ አስቦ ይሆናል። ባለ 3ቷ ደግሞ ለዚያ የሚሆን ኮድ ከዚህ በፊት ጽፋ ሊሆን ይችላል።

አለቃዎ በእርግጥ የሚፈልጉት የማስረከቢያ ጊዜ ነው፤ ይህ ደግሞ ተገቢ ጥያቄ ነው። ባለፉት ስፕሪንቶች (አጫጭር የሥራ ዙሮች) በእያንዳንዱ ከ18 እስከ 24 ነጥብ ከጨረሳችሁ፣ የቀረው 120 ነጥብ ከ5 እስከ 7 ስፕሪንት ይወስዳል። ሁለቱንም ቁጥሮች ይስጧቸው፤ በየስፕሪንቱ መጨረሻም ያድሱላቸው።