ሰምተሽ ግዢው

እህቴ፣ ከኋላሽ ሆኜ ስልክሽን እያየሁ ነው። አንዱን የሄድፎን ማስታወቂያ ትከፍቻለሽ፣ ቁጥሩን ታነቢያለሽ፣ ትዘጊያለሽ፣ ሌላውን ትከፍቻለሽ። «ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ»፣ «40 ሚሊሜትር»፣ «ሃይ ሬዞሉሽን»። ይኼኛው በቁጥር ይበልጣል፣ ያኛው በዋጋ ይበልጣል እያልሽ ምሽቱን ጨረስሽው። ቆዪ፣ ብሩን ከማውጣትሽ በፊት ልንገርሽ፦ የምትገዢው የሚሰማ ዕቃ ነውና ሰምተሽ ግዢው። ዘፈኑ ሲያልቅ እንደገና ክፈቺው ክፈቺው የሚልሽ ሄድፎን፣ ካርቶኑ ላይ ምንም ይጻፍ ምን፣ ላንቺ የሚበልጠው እሱ ነው።

ቁጥር ሁሉ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። የሚነግርሽንና የማይነግርሽን ለዪ ነው የምልሽ። ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ የሚባለው ጤነኛ የወጣት ጆሮ ሊሰማው የሚችለው ድምፅ ዳርና ዳር ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ላይኛው ጫፍ ለሁላችንም እየቀነሰ ይሄዳል። ፋብሪካው «እዚህ ድረስ ይደርሳል» ብሎ ሲጽፍ እንዴት ሆኖ እንደሚደርስ አይጽፍም። በመሀሉ ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን፣ አሳብጦ፣ የዘፋኙን ድምፅ ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ቀጭኑን ድምፅ አሹሎ ሊሆን ይችላል፤ ካርቶኑ ላይ ግን ያው 20 እስከ 20,000 ነው የሚባለው። ሚሊሜትሩም ድምፅ የምታወጣው ክብ ነገር ስፋት ነው፤ ስለ ጥራቷ ምንም አይልም።

ዋጋውም ቢሆን እንዳያታልልሽ። እ.ኤ.አ. በ2017 ጄሮን ብሬባርት የሚባል የድምፅ ተመራማሪ የ283 ሄድፎንና ኢርፎን ልኬቶችን ከዋጋቸው ጋር አስተያይቶ ነበር። ወፍራሙን፣ መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ በሚያመጣጥኑበት መንገድና በሚሸጡበት ዋጋ መካከል ዝምድና አላገኘም። ውድ የሆነው በምቾት ሊሻል፣ ገመዱ ቶሎ ላይበጠስ ይችላል፤ ያ አንድ ነገር ነው። በእጥፍ ዋጋ የተገዛ ሁሉ በእጥፍ ይጥማል ማለት ግን አይደለም።

ደግሞ «ልኬት ሌላ፣ ደስታ ሌላ» የሚሉትን ሰምተሽ ሁለቱን ጠላት አታድርጊያቸው። ዛሬ ብዙ ፋብሪካ የሚከተለው ዝነኛ ልኬት የወጣው ሰው አስቀምጦ «የትኛው ደስ አለህ?» ብሎ በመጠየቅ ነው። የሃርማን ኩባንያ ተመራማሪዎች ሾን ኦሊቭና ቶድ ዌልቲ እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አድማጮችን እያፈራረቁ፣ የሄድፎኑን ስም እየደበቁ አሰሟቸው። አብዛኛው ሰው የመረጠው ጥሩ ስፒከር በጥሩ ክፍል ውስጥ ሲጫወት እንደሚሰማው ያለ፣ ቤዙ መጠነኛ ከፍታ ያለው ድምፅ ነበር። ከዚያ በላይ ቤዝ የፈለገም ነበር፣ ያነሰ የፈለገም ነበር። እንግዲህ ያንቺ ጆሮ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ካንቺ በቀር ማንም ሊነግርሽ አይችልም።

አሁን ወደ እኛ ዘፈን ልምጣ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። በውጭ አገር ሄድፎን የሚሞከርበት ሙዚቃና አንቺ የምትሰሚው ሙዚቃ አንድ አይደለም። የእኛ ዘፈን የሚቆመው በሰው ድምፅ ነው፤ መሰንቆውም ክራሩም እሱን ተከትለው ይሄዳሉ። ስለዚህ ሱቅ ስትሄጂ ባለሱቁ የሚከፍትልሽን ቤዙ የሚደበድብ ዘፈን ሰምተሽ አትወስኚ። እሱ የሚያሰማሽ ሄድፎኑ የሚያምርበትን ነው። የራስሽን በሜሞሪ ጭነሽ ሂጂ።

በገና ያለበት መዝሙር አንድ ይኑርሽ። በገና አሥር አውታር አለው፤ እያንዳንዱ አውታር ከሥሩ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ስላለችው ሲመታ ዝዝ የሚል ንዝረት ያወጣል። ያ ንዝረት ጉድለት አይደለም፣ ሆን ተብሎ የተሠራ የበገናው ነፍስ ነው። ቤዙ ያበጠ ሄድፎን ላይ አሥሩ አውታር ተደባልቆ አንድ ጉርምርምታ ይሆንብሻል፤ ጣቱ ከየትኛው አውታር ወደየትኛው እንደሄደ አትለዪውም። ቀጭኑን ድምፅ ያሾለው ላይ ደግሞ ያቺ ንዝረት ብቻዋን ወጥታ ጆሮሽን ትቆረቁረዋለች፤ አንድ መዝሙር ሳትጨርሺ ታወልቂዋለሽ። ጥሩው ላይ አውታሩ ወፍራም ሆኖ ይመጣል፣ ንዝረቷም ከላዩ ሳትለይ ትቀመጣለች፣ የዘማሪው ድምፅ ከሁለቱም ፊት ይቆማል። ዐቢይ ጾምን ሙሉ በገና የምትሰሚ ልጅ ስለሆንሽ ይህን ሳታጣሪ ከሱቁ አትውጪ።

ሁለተኛ፣ መሰንቆ ያለበት የአዝማሪ ዘፈን ወይም ፉከራ ስሚ። እዚህ ቢቸና ተወልዶ የአርበኛውን የበላይ ዘለቀን ስም በፉከራ ያልሰማ የለምና ይህን ማግኘት አይቸግርሽም። ፉካሪው ዝግ ብሎ ጀምሮ ድንገት ሲያገሳ ደካማ ሄድፎን ድምፁን ይሰነጥቀዋል፤ መጮኹ ቀርቶ ይንጣጣል። መሰንቆው ደግሞ የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ላይ ሲፋተግ የሚወጣውን ሻካራ ድምፅ ይዞ መምጣት አለበት። ያ ሻካራነት ተልጎ ጠፍቶ መሰንቆው እንደ ኪቦርድ ለስላሳ ከሆነብሽ፣ ወይም ጥርስሽን ካስፋጨሽ፣ መልሺለት።

ሦስተኛ የምትወጂውንና በቃልሽ የምታውቂውን አንድ ዘመናዊ የጎጃም ዘፈን፣ የይሁኔ በላይ ይሁን የሌላ፣ ክፈቺና ቃላቱን ስሚ። «ሰ» እና «ሸ»፣ «ጸ» እና «ጨ» ባሉባቸው ቃላት ላይ ጆሮሽን ጣይ። እያንዳንዷ «ሰ» እየተፏጨች ከመጣች፣ ዛሬ «ጥርት ያለ ነው» ብለሽ የወደድሽው ነገ ራስ ምታት ይሆንብሻል። ሱቅ ውስጥ ጥራት የሚመስለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ሁለት ሄድፎን ስታወዳድሪም ድምፃቸውን እኩል አድርጊ፤ ጎላ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና።

ስለ ድሮ ዘፈኖች አንድ ነገር ልጨምርልሽ። አንቺ የአስናቀች ወርቁን ክራር ትወጃለሽ፣ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው አምሃ ሪከርድስ የወጡትንም ትወጃለሽ። እነዚያ ዘፈኖች ወደ ስልክሽ የመጡት ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ኮምፒውተር፣ ከዚያም በቴሌግራም ተጨምቀው ነው። እያንዳንዷን ኮሽታ የሚያሳይ ሄድፎን ብትገዢ የሚያሳይሽ የካሴቱን ሽሽታ ነው። ወንፊት ገለባውን ማውጣቱ መልካም ነው፤ አንቺ ግን የምትበይው እንጀራውን ነው። ለእንዲህ ዓይነት ቅጂ ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ለዘብ አድርጎ መሀሉን፣ የሰውን ድምፅ ያለበትን፣ ሞላ የሚያደርግ ሄድፎን ይሻልሻል።

የሰው ድምፅ ካልኩሽ አይቀር፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ልቦለድ አስቢው። በታሪኩ ውስጥ ያሉት የፊታውራሪ መሸሻ አገር ዲማ ከዚሁ ከቢቸና አጠገብ ነው። ያ ትረካ ለሬዲዮ የተቀዳ ነው፤ ዛሬ ካርቶን ላይ የሚጻፈው ቁጥር አንዱም አልነበረውም። ሰው ግን በአንዲት ትንሽ ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ ሰምቶ አልቅሷል። የሰውን ንግግር ለመረዳት የሚያስፈልገው ድምፅ ጠባብ ነው፤ የድሮው የቤት ስልክ የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነበር፤ ከዘመድ ጋር ናፍቆት የተወጣነውም በዚያ ነው። እና እህቴ፣ ይህን መሀል የሚያበላሽ ሄድፎን ዳርና ዳሩን ቢያሳምረው ምን ይጠቅምሻል?

ሥራ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ባለፈው የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ልማር ብለሻል። ለዚያ የሚያስደስትሽ ሳይሆን የማይዋሽሽ ያስፈልግሻል፤ የማይኩን ጉርምርምታ፣ የነፋሱን ድምፅ፣ የተሰነጠቀውን እልልታ እንዳለ የሚያሳይሽ። ሶኒ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የሚያመርተው ኤምዲአር 7506 በብዙ ስቱዲዮ የሚገኘው ለዚህ ነው፤ ቀጭኑን ድምፅ ወደፊት አውጥቶ ስህተትን ያጋልጣል። በእሱ ስትሠሪ ውለሽ ማታ ዘፈን ልስማበት ብትይ ግን ሊያደክምሽ ይችላል። «ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ነው» የሚለው ቃል ለደስታሽ ዋስትና አይሆንም።

«ስቱዲዮ» የሚል ካየሽ ኦሙንም፣ ማለት ሄድፎኑ ለኤሌክትሪክ ያለውን ተቃውሞ፣ ጠይቂ። ይህ ካርቶን ላይ ከሚጻፉት ቁጥሮች እውነት የሚጠቅምሽ ነው። 16 ወይም 32 ኦም የሆነው በስልክሽ በደንብ ይጮሃል። 250 ወይም 300 ኦም የሆነው፣ እንደ ሰንሃይዘር ኤችዲ 600 ያለው፣ ማጉያ ካልተጨመረለት በስልክ አቅሙን አያወጣም። በዓለም የተመሰገነ ዕቃ ገዝተሽ በስልክሽ ከደከመ፣ ምስጋናው ላንቺ ምን ያደርግልሻል? ጀርባው ክፍት የሆነውንም ተይው፤ የምትሰሚውን አብራሽ የተከራየችው ልጅ ሁሉ ትሰማዋለች።

የምትሰሚበትን ቦታም አስቢ። ከቢቸና በደብረ ወርቅ አድርገሽ ሞጣ ስትመላለሺ አውቶቡሱ ውስጥ ሞተሩ አለ፣ የሹፌሩ ዘፈን አለ። እዚያ ጆሮ ውስጥ የሚገባ፣ ጎማው በልክሽ የሆነ ኢርፎን ከትልቁ ሄድፎን ይሻላል። ከዕቃው ጋር የሚመጡትን ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ጎማዎች ሞክሪያቸው፤ ብዙ ሰው የመጣለትን አድርጎ «ቤዝ የለውም» ብሎ ይጥለዋል። ጎማው ክፍተት ከተወ ቤዙ በዚያ ይወጣል። ትልቁን ከመረጥሽም ሻሽ አስረሽ ወይም ሹሩባ ተሠርተሽ ሳለ ሞክሪው፤ ትራሱ ጆሮሽን ካልከበበ ሱቅ ውስጥ የሰማሽው ቤዝ ቤት ስትገቢ አይኖርም። መንገድ ላይ በእግርሽ ስትሄጂ ግን አንዱን ጆሮሽን ክፍት ተይ። ባጃጅ ከኋላ ነው የሚመጣው።

ብሉቱዝ ወይስ ባለገመድ? እኔ ላንቺ ባለገመድ እላለሁ። መብራት ሲጠፋ ቻርጅ አይለምንሽም፤ በዚያው ዋጋ የተሻለ ድምፅ ታገኚበታለሽ። ኤልዳክ ምናምን የሚባለው የብሉቱዝ ጥራትም ስልኩና ሄድፎኑ ሁለቱም ካልያዙት አይሠራም፤ ዘፈኑ ራሱ የተጨመቀ ከሆነ ደግሞ የሚጨምርልሽ ብዙ አይደለም። በክልላችን በአማራ ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ የጠቀመን ሜሞሪ ላይ የነበረው ነው፤ ለአዲስ ሄድፎን የምታወጪውን ቀንሰሽ የምትወጂያቸውን ዘፈኖች በጥሩ ቅጂ ብታስጭኚ ልዩነቱን የበለጠ ትሰሚዋለሽ።

ጆሮሽን ደግሞ አደራ። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥ የሚፈቅደው በ80 ዴሲቤል ነው፤ 90 ከደረሰ በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ። ቤዝ የሌለው ሄድፎን ድምፅ ጨምሪ ጨምሪ ያሰኛል፤ ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት ጆሯችን በዝቅተኛ ድምፅ ሲሰማ ወፍራሙ ድምፅ ይርቀዋል። ቤዙ በልኩ ከፍ ያለ ሄድፎን ሳታስጮኺው ይሞላልሻል። «ቤዝ መውደድ ያላዋቂ ነው» የሚሉሽን አትስሚያቸው። ዘፋኙን እስካልሸፈነ ድረስ ቤዝ መውደድ መብትሽ ነው።

በይ እንግዲህ፣ ቅዳሜ ስትወጪ ሦስቱን ዘፈኖች ጭነሽ ሂጂ፣ ቢቸና ካጣሽ ሞጣ ጠይቂ፣ አላስሞክርም ያለሽን ሱቅ እለፊው። ስልክሽ የኢርፎን ቀዳዳ ያለው መሆኑንም ከቤት ሳትወጪ እዪ፤ ከሌለው መቀየሪያውን አብረሽ ግዢ።