ለእነርሱ መሮጥና ከእነርሱ ጋር መሮጥ


በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ፣ መጻጉዕ በምንለው ሰንበት፣ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመውን ሰው ታሪክ ታነብልናለች (ዮሐ. 5፥1-9)። ይህ ሰው ለጌታችን ያቀረበው አቤቱታ ስለ ሕመሙ ጽናት ሳይሆን ስለ ብቸኝነቱ ነበር፤ ውሃው በተናወጠ ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው አላገኘም። በማርቆስ ወንጌል የምናገኘው ሽባ ግን አራት ሰዎች ነበሩት (2፥1-12)። እነዚያ አራቱ ሕዝቡ መንገድ ቢዘጋባቸው ጣራ አፍርሰው ወዳጃቸውን በጌታ ፊት አወረዱት። ጌታም የእነርሱን እምነት ተመለከተ። በሁለቱ ድውያን መካከል ያለው ልዩነት የሰው መኖርና አለመኖር መሆኑን ልብ እንበል፤ ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ከዚህ ይጀምራልና።

በዘመናችን በታላላቅ ከተሞች በሚካሄዱ የማራቶን ሩጫዎች ከሚሰለፈው ሕዝብ መካከል ለሽልማት የሚሮጡት ጥቂቶች ናቸው። ከቀሩት ውስጥ ብዙዎቹ የአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስም ደረታቸው ላይ አድርገው ይሮጣሉ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ድርጅቱ ከአዘጋጆቹ የተወሰነ የመሮጫ ቦታ ይገዛል፤ ቦታውን የሚቀበለው ሯጭ ይህን ያህል ገንዘብ አሰባስባለሁ ብሎ ቃል ይገባል፤ ከዚያም ወደ ዘመዶቹ፣ ወደ ባልደረቦቹና ወደ ጎረቤቶቹ ሄዶ፣ እኔ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ስሮጥ እናንተስ ምን ትሰጣላችሁ ይላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 በተጀመረው የለንደን ማራቶን እስከ አሁን በዚህ መንገድ ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ተሰብስቧል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ለአካል ጉዳተኞች የሚሠሩ ድርጅቶችም ከተጠቃሚዎቹ መካከል ናቸው። በአገራችንም ከ2001 ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ይሰበሰብበታል።

ይህን የሰማ ጠንቃቃ ምእመን፣ ጌታችን ምጽዋትን በስውር እንድንሰጥ አላዘዘምን (ማቴ. 6፥1-4)፣ ቁጥር ለጥፎና ስም አውጥቶ መሮጥስ በአደባባይ መለከት ማስነፋት አይሆንምን ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ብዙ አያስቸግርም። ጌታችን የነቀፈው በሰው ዘንድ ለመመስገን የሚደረገውን ምጽዋት ነው፤ በዚያው በተራራው ስብከት ደግሞ መልካም ሥራችን በሰው ፊት እንዲበራ አዝዞናል (ማቴ. 5፥16)። ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን ገንዘብ ባሰባሰበ ጊዜ የመቄዶንያን ሰዎች ልግስና ለቆሮንቶስ ሰዎች በግልጥ ነግሯል። ለሌላው የሚለምን ሰው ተሸሽጎ ሊለምን አይችልም። የሯጩን ልብ ለእግዚአብሔር እንተውለት።

የከበደው ጥያቄ ሌላ ነው። ሩጫ በሚደረግበት በዚያ ቀን፣ ገንዘብ የሚሰበሰብለት አካል ጉዳተኛ ራሱ የት ነው ያለው? ብዙ ጊዜ የምናገኘው በሸሚዝ ላይ በታተመ ሥዕል ብቻ ነው። ይህን ጥያቄ ይዘን የአንድ አባትና ልጅ ታሪክ እንመልከት።

ሪክ ሆይት በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት በ1962 ተወለደ። ሲወለድ እትብቱ በአንገቱ ተጠምጥሞ ወደ አንጎሉ የሚሄደው አየር ስለ ተቋረጠ፣ እጅና እግሩን ማዘዝም ሆነ መናገር የማይችል ሆነ። ሐኪሞቹ ተስፋ የለውምና ወደ መንከባከቢያ ተቋም አስገቡት ብለው ወላጆቹን መከሩ። አባቱ ዲክና እናቱ ጁዲ ግን የልጃቸው ዐይኖች በክፍሉ ውስጥ እየተከተሏቸው እንደሚንቀሳቀሱ ተመልክተው ነበርና እምቢ አሉ። በ1972 የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች በራሱ እንቅስቃሴ ፊደል እየመረጠ የሚጽፍበትን መሣሪያ ሠሩለት። ቤተሰቡ የመጀመሪያ ቃሉ «እማ» ይሆን «አባ» ብሎ ሲጠባበቅ፣ ሪክ የጻፈው የቦስተንን የበረዶ ሆኪ ቡድን የሚያበረታታ ቃል ሆኖ ተገኘ! በዚያ ዝምታ ውስጥ እንደ ማንኛውም የሠፈር ልጅ ቡድኑን የሚደግፍ ልጅ ኖሯል።

በ1977 ሪክ፣ ላክሮስ የተባለውን የኳስ ጨዋታ የሚጫወት አንድ ወጣት በአደጋ ሽባ መሆኑንና ለእርሱ መርጃ የ5 ማይል ሩጫ መዘጋጀቱን ሰማ። ለዚያ ወጣት ልሮጥለት እፈልጋለሁ ሲል ለአባቱ አስታወቀ። ዲክ ወታደር እንጂ ሯጭ አልነበረም፤ ዕድሜውም ወደ አርባ ይጠጋ ነበር። ሆኖም የልጁን ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ሮጠ፤ ከመጨረሻው አንድ ቀድመው ገቡ። በዚያ ምሽት ሪክ፣ ስንሮጥ ጉዳተኛ መሆኔ የጠፋ ያህል ይሰማኛል ብሎ ጻፈለት። ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ ከ1,000 በላይ ውድድሮች አብረው ሮጡ። የቦስተን ማራቶን አዘጋጆች በመጀመሪያ በየትኛው ወገን እንደሚመድቧቸው ግራ ገብቷቸው ቁጥር ከልክለዋቸው ነበር፤ እነርሱ ግን ለልጁ ዕድሜ የተወሰነውን ሰዓት አሟልተው ገቡ፤ በዚያ ማራቶንም እስከ 2014 ድረስ 32 ጊዜ ሮጡ። በ1989 ለአካል ጉዳተኞች የሚሠራ ድርጅት በስማቸው አቋቋሙ። በ1992 አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በብስክሌትና በእግር በ45 ቀን አቋረጡ፤ በዓመቱ ሪክ ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። አባት በ2021፣ ልጅ በ2023 ዐረፉ።

ብዙ ሰባኪዎች ይህን ታሪክ የአባት ፍቅር ምሳሌ አድርገው ይጠቅሱታል፤ ስሕተት አይደለም። እኛ ግን የታሪኩን መነሻ እንድታስተውሉ እንሻለን። የመጀመሪያው ሩጫ ለሪክ አልነበረም። ገንዘቡ ለሌላ ሰው ነበር፤ እንሩጥ ያለውም ራሱ አካል ጉዳተኛው ነው። አባቱ ያዋሰው እግሩን ነው፤ የምጽዋቱ አሳብ የልጁ ነበር። ከአራቱ ተሸካሚዎች ጋር ስናስተያየው፣ እዚህ በአልጋው ላይ ያለው ሰው ተሸካሚውን ወደ ሌላ ሕመምተኛ ቤት የሚመራ ሆኖ እናገኘዋለን።

ቅዱስ ጳውሎስ ስለ መቄዶንያ ምእመናን ሲጽፍ፣ እነርሱ ራሳቸው ችግረኞች ሳሉ በምጽዋቱ የመሳተፍን ጸጋ እንዳንነፍጋቸው አጥብቀው ለመኑን ይላል (2ኛ ቆሮ. 8፥1-4)። መስጠት በእርሱ ዘንድ ጸጋ ነው፤ ስለዚህ ድኻውና ደካማው እንዲቀበል ብቻ የተመደበበት ማኅበር ከጸጋ የከለከለው ነገር አለ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በየካቲት 1984 ስለ ሥቃይ ክርስቲያናዊ ትርጉም በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ክርስቶስ ለሚሠቃዩት መልካም እንድናደርግ እንዳስተማረን ሁሉ፣ የሚሠቃየው ሰው ራሱ በሥቃዩ መልካም እንዲያደርግ እንዳስተማረ ገልጠዋል። የመጀመሪያውን ግማሽ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሁለተኛው ግን በየስብከቱ ሲነገር ብዙ አንሰማም።

ማራቶንና የአካል ጉዳት ሲነሣ ኢትዮጵያዊ አንባቢ አበበ ቢቂላን ሳያስታውስ አይቀርም። በ1960 በሮም በባዶ እግሩ፣ በ1964 በቶኪዮ ዳግመኛ ያሸነፈው ጀግና በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ሕክምናውን በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሲከታተል ቆይቶ፣ በ1970 በዚያው በተደረገው የጉዳተኞች ጨዋታ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ለዓለም ሁሉ የታወቀው ሰው፣ ማንም በማያውቀው ስፖርት ከጀማሪዎች ጋር ተሰልፎ መታየትን አልናቀም።

እኛም የምንናዘዘው ነገር አለን። ከዓመታት በፊት በምናገለግልበት ቁምስና ወጣቶቹ ከአንዱ ቤተ ጸሎት እስከ ሌላው ሮጠው፣ መራመድ ለተሳናቸው አንዲት እናት ተሽከርካሪ ወንበር መግዣ አሰባሰቡ። ወንበሩን ከቅዳሴ በኋላ በጭብጨባ አስረከብን፤ ፎቶግራፍም ተነሣን። በሚቀጥለው እሑድ እናታችን በወንበሩ መጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሙ፤ ሦስት የድንጋይ ደረጃ ነበርና መግባት አልቻሉም። ስለ ሩጫው ለብዙ ወራት ስንማከር ስለ ደረጃው ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኛ ቆሞሱን ጨምሮ። ይቅርታ ልንጠይቃቸው ቤታቸው በሄድን ጊዜ ስለ ደረጃው ብዙም አላማረሩም። «አባ፣ ያስለመዳችሁኝ ሌላ ነገር ነው» አሉን። «ሙዳየ ምጽዋቱ ሲዞር እኔን ያልፈኛል። አምስት ሳንቲም እንኳ ይዤ ብመጣ የሚቀበለኝ የለም።»

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ትምህርት በመጻጉዕ ሳምንት ብትሰጡት፣ ሁለቱን የወንጌል ንባቦች አስቀድማችሁ ጎን ለጎን አንብቡላቸው። ከዚያም ልጆቹ በሠፈራቸው ከቤት የማይወጣ ሰው እንዳለ ይናገሩ፤ እንደ ልማዳችን ምን እናምጣለት ከማለት በፊት፣ ሄደው ምን ማድረግ እንደሚፈልግ ይጠይቁት። ምናልባት መዝሙር ማስተማር ይፈልግ ይሆናል፤ ምናልባትም መጸለይ የሚችልላቸውን ሰዎች ስም ይጠይቅ ይሆናል። ሩጫ የምታዘጋጁ ከሆነ ገንዘቡ ለምን እንዲውል በሚመክረው ጉባኤ እርሱ ራሱ ይቀመጥ፤ መሮጥ ከፈለገም ወንበሩን የሚገፉ ብርቱ ወጣቶች አታጡም። ጉባኤው የሚደረግበት ክፍል ደረጃ ያለው መሆን አለመሆኑን ግን አስቀድማችሁ እዩ።

በቁምስናችን ዛሬ እሑድ እሑድ ሙዳየ ምጽዋቱን በጉልበታቸው ላይ አድርገው በበሩ አጠገብ የሚቀመጡት እኚሁ እናት ናቸው። ደረጃውን በአንድ ወፍራም ሳንቃ አልፈው ይገባሉ፤ በሲሚንቶ የሚሠራው መወጣጫ ገና ገንዘብ አልሞላለትም።