ተመርቆ ወዴት?

ዘንድሮ ለመመረቅ የምንጠባበቅ ተማሪዎች ስንገናኝ የምንነጋገረው ስለ ጋዋኑ፥ ስለ ፎቶግራፉና ከገጠር ስለሚመጡት ዘመዶች ማደሪያ ነው። ይህ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ጋዋኑ በተመለሰ ማግሥት ምን ሠርተን እንደምናድር የጠየቀን እንደ ሆነ፥ አብዛኛዎቻችን «መቸም እግዜር ያውቃል» ብለን ወሬውን እንለውጣለን። በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው ይህንኑ የምንሸሸውን ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደ መጣ ማየት ይጠቅማል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር የተማረ ሰው እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ፥ መሥሪያ ቤቶች ተመራቂውን ይሻሙበት ነበር። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የሚባለው ደንብ በሥራ ላይ ዋለና ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ፥ አብዛኛውን ጊዜ በአስተማሪነት፥ እንዲያገለግል ተደረገ። ደንቡን የጠላው ተማሪ ጥቂት አልነበረም፤ ቢሆንም ዲግሪውን ሳይቀበል ሥራ ምን እንደሚመስል በዓይኑ አየ። በደርግ ዘመንም ተመራቂውን የሚመድበው መንግሥት ነበር። እንግዲህ ወላጆቻችን «ተማር፥ ወንበር ታገኛለህ» ያሉን ሐሰት ነግረውን አይደለም፤ ያዩትን ነው የነገሩን።

ዛሬ ግን መንገዱ ሌላ ነው። የመውጫ ፈተና በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ ሲሰጥ ማለፊያው ከመቶ 50 ሆኖ፥ ከተፈተኑት ያለፉት ከመቶ 40 ገደማ ብቻ ነበሩ። ፈተናውን ያለፈውም ቢሆን የወጪ መጋራት ዕዳ አለበት፤ ደመወዝ ሲያገኝ ቢያንስ ከመቶ 10 እየተቆረጠ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው በሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የሥራ ልምድ ይጠይቃል። «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ የተገኘ ዕለት ሰልፉ ከቤተ ክርስቲያን የበዓል ሰልፍ ይረዝማል። ለመመዝገብ ብቻ አዲስ አበባ ወርዶ፥ ማደሪያ ተከራይቶ፥ ባዶ እጁን የሚመለሰውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለእኅቶቻችን ደግሞ የማደሪያው ነገር ከሁሉ ይከብዳል።

ታዲያ ያለንበትን አገር አየት እናድርግ። ቆሰበር፥ በመዝገብ ስሟ እንጅባራ፥ ዩኒቨርሲቲዋ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች የተቀበለው በ2010 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን በጎረቤታችን በፋግታ ለኮማ ወረዳ፥ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ፥ ገበሬው ማንም ሳይመድበው አዲስ ሥራ ፈጥሮ ነበር። ይኸውም ዲከረንስ የተባለውን ከአውስትራሊያ የመጣ ግራር ተክሎ ከሰል ማክሰል ነው። አተካከሉን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ዛፉ ለከሰል የሚደርሰው በአራትና በአምስት ዓመት ነው፤ ገበሬው ግን እስከዚያ ጦሙን አያድርም። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል። ችግኙ ከፍ ሲል ጤፉ ይቀርና ሣሩን ለከብት ያጭዳል። ዛፉ ሲደርስ ተቆርጦ ይከሰላል፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ይጫናል። ከዚያ መሬቱ እንደ ገና ይተከላል። ከዛፍ ቆራጩና ከከሰል አክሳዩ ጀምሮ እስከ ደላላውና ሾፌሩ ድረስ ስንቱ በዚህ እንጀራ በላ!

እኛ የሚጎድለን ይህ የመጀመሪያው ዓመት ጤፍ ይመስለኛል። የምንመኘው ሥራ አራት ወይም አምስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ እስከዚያ የሚያበላን ምንድን ነው? የሒሳብ አያያዝ ተማሪ የነጋዴዎችን መዝገብ ሊይዝ፥ የግብርና ተማሪ ችግኝ አፍልቶ ሊሸጥ፥ የፊዚክስ ተማሪ የሁለተኛ ደረጃ ልጆችን ሊያስጠና ይችላል። ሥራው ትንሽ ነው ብሎ የሚንቅ ካለ፥ የልምድ ወረቀት የሚጀመረው ከዚህ መሆኑን ይወቅ።

የዲከረንሱ ታሪክ ግን በዚህ አያበቃም። በ2010ዎቹ ዓመታት የዝገት በሽታ ገብቶ ብዙውን ዛፍ አደረቀው። ማሳውን በሙሉ በዲከረንስ የሸፈነው ገበሬ ክፉኛ ተጎዳ፤ ጥግ ላይ ድንች ወይም ገብስ ያስቀረው ተሻለው። ከእኛም ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ አነጣጥሮ ሌላውን በር ሁሉ የዘጋ አለ። ከዚህ በቻግኒ በኩል የሚያልፈው መንገድ የሚደርስበት የሕዳሴ ግድብ እንኳ መጋቢት 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የግንባታ ሥራ ሲያልቅ ሠራተኛው ይሰናበታል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የተነሣው ጦርነትም መንገድና ትምህርት ቤት ሲያዘጋ፥ በአስተማሪነት ተስፋ የጣለው ሁሉ ምን እንደ ገጠመው ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ደግሞም በሽታው ራሱ ሥራ ነው። የዛፉን በሽታ የሚያጠና፥ በባንጃ የአሲዳማውን አፈር ጉዳይ ይዞ ኖራ ምን ያህል እንደሚበቃው ለገበሬው የሚነግር፥ የቀርከሃ ዕቃ የሚሠሩትን በማኅበር የሚያደራጅ ሰው ያስፈልጋል። አዊኛ በዞኑ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይማሩበታል፤ ከእኛ መካከል አዊኛ የአፍ መፍቻው ሆኖ ሳለ በሥራ ማመልከቻው ላይ የማይጽፈው ለምንድን ነው? እንግሊዝኛ «መካከለኛ» ብሎ ከመጻፍ በፊት ይኸ ቢቀድም በተሻለ ነበር።

የመጨረሻው መንፈቅ ሳያልቅ ልናደርገው የምንችለው ብዙ አይደለም፥ ግን አለ። የመመረቂያ ጽሑፋችንን ርእስ ከድሮ ጽሑፍ ከመቅዳት ከእነዚህ ጉዳዮች ከአንዱ ብንወስደው፥ ጥናቱን ስንጠይቅ የወረዳውን ባለሙያዎች እንተዋወቃለን፤ እነርሱም እኛን ያውቁናል። የወላጆቻችንንም ነገር አንርሳ። ለምረቃችን በግ የሚያርዱ እናትና አባት በመስከረም ደመወዝ ይጠብቃሉ፤ የመጀመሪያው ዓመት ጤፍ እንጂ ዛፉ እንደማይሆን አስቀድመን ብንነግራቸው፥ በጎረቤት ፊት «ልጅህ ሥራ ገና ነው?» ሲባሉ የሚመልሱት ያገኛሉ።

ለማኅበራችንም አንድ አሳብ አቀርባለሁ። ከምረቃው በፊት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፥ ቀድመውን የተመረቁት ተጠርተው የመጀመሪያውን ዓመት እንዴት እንዳሳለፉት ቢነግሩን መልካም ነው። በተለይም ሁለትና ሦስት ዓመት ሥራ ሳያገኙ የቆዩት ቢጠሩ፤ የትራንስፖርታቸውንም ማኅበሩ ቢችል።