የ25 ዶሮ ቤትና መዋያ አሠራር ለጀማሪ አርሶ አደሮች

መግቢያ

በጓሮ ዶሮ እርባታ ሥራ ላይ ተደጋግሞ የሚታየው ስህተት የቅደም ተከተል ስህተት ነው። የ45 ቀን ቄብ መጀመሪያ ይመጣል፣ ቤቱ ግን ከዚያ በኋላ ይታሰባል። ቄቦቹ እስከዚያው ድረስ በማዕድ ቤት ጥግ ወይም በበጎች ጋጣ ያድራሉ። የሀበሻ ዶሮ ይህን ልትችለው ትችላለች፤ ዛፍ ላይ ትወጣለች፣ ጭልፊት ስታይ ቁጥቋጦ ውስጥ ትገባለች። ከአሳዳጊ የሚመጣው የተሻሻለ ዝርያ ግን ያደገው በዝግ ቤት ውስጥ ነው፤ ጭልፊትም ሽለምጥማጥም አያውቅም። ስለዚህ ቤቱ ተሠርቶ፣ ምርጉ ደርቆ፣ ጉዝጓዙ ተነጥፎ ካላለቀ ቄብ መረከብ አይመከርም።

ይህ የሥልጠና ጽሑፍ 25 ቄብ ለሚይዝ አርሶ አደር የተዘጋጀ ነው። ከዚህ በላይ ለመያዝ የሚፈልግ ልኬቱን በዚያው መጠን ያሳድጋል። ነገር ግን በመጀመሪያው ዙር 25 ይበቃል እንላለን፤ እንቁላል የምትጥል አንድ ዶሮ በቀን እስከ 120 ግራም መኖ ትፈልጋለች። ይህ ለ25 ዶሮ በቀን 3 ኪሎ፣ በወር 90 ኪሎ ነው። ለቤት ሥራ ከሚወጣው ገንዘብ በፊት ይህ ስሌት ከባለቤት ጋር ሊመከርበት ይገባል።

የቦታ መረጣ

ቦታው ውኃ የማይቋጥር፣ ጥቂት ተዳፋትነት ያለው፣ ከመኖሪያ ቤት የሚታይ መሆን አለበት። ከጓሮ ዳር ርቆ የተሠራ ቤት ሌሊት ጩኸት ቢሰማ እንኳ ሰው አይደርስለትም። የቤቱ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንዲሆን ይደረጋል፤ እንዲህ ሲሆን የረፋድና የከሰዓት ፀሐይ በሰፊው ጎን አይገባም። ሽቦ የሚመታበት ጎን ደግሞ ነፋስ ወደሚመጣበት አቅጣጫ መዞር የለበትም።

የቤቱ አሠራር

ለ25 ዶሮ 2 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ቤት ይበቃል። ይህም በአንድ ካሬ ሜትር 4 ዶሮ ገደማ ማለት ነው። አንዳንድ አርሶ አደሮች በዚሁ ቤት 50 ሲያስገቡ ይታያል። በጥቂት ሳምንት ውስጥ መነካከስና ላባ መነቃቀል ይጀምራል፣ ጉዝጓዙም አይደርቅም።

ምሰሶው የባሕር ዛፍ ሊሆን ይችላል፤ ምስጥ በሚያስቸግርበት አካባቢ ከመቀበሩ በፊት እግሩ የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። ወለሉ ከውጭው መሬት ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይደለደላል፣ በደንብም ይጠቀጠቃል። ግድግዳው ከታች እስከ 60 ሳንቲ ሜትር በጭቃ ይመረጋል፤ ከዚያ በላይ ሽቦ ወንፊት ይመታበታል። በደጋ አካባቢ የሽቦው ክፍል ያንሳል፣ በቆላ ይሰፋል። ለብርድ ሲባል ሽቦውን ሙሉ በሙሉ በጆንያ መሸፈን ግን ጉዳት አለው። ከኩስ የሚወጣው ሽታ መውጫ ያጣና ዶሮዎቹን ለመተንፈሻ አካል በሽታ ያጋልጣል። ጆንያው ቢጋረድም ከላይ አንድ ስንዝር ክፍት ይተዋል።

ምርጉ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ቦታ እንደገና መለሰን አለበት። ደም መጣጭ ቅንቅንና መዥገር ቀን ተደብቀው የሚውሉት በእነዚህ ስንጥቆች ውስጥ ነው፤ ሌሊት ወጥተው ዶሮዋን ይመጣሉ። ዶሮዋ ያለ ሌላ ምክንያት ከስታ፣ ኩክኒዋ ገርጥቶ ከታየ ማታ በባትሪ ቆጡንና ግድግዳውን ማየት ያስፈልጋል።

የሽቦው ቀዳዳ ከ1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ባይበልጥ ይመረጣል። ሰፊ ቀዳዳ ያለው ሽቦ ዶሮዋ እንዳትወጣ ይከለክላል እንጂ አይጥና ሽለምጥማጥ እንዳይገቡ አይከለክልም። ሽለምጥማጥ አንድ ጊዜ ከገባ አንዷን ወስዶ አይሄድም፣ ያገኘውን ሁሉ ገድሎ ሊያድር ይችላል። በዋጋ ምክንያት ጠባብ ሽቦ ሁሉም ቦታ ማድረግ ካልተቻለ ሽቦውን ቀንሶ የተመረገውን ግድግዳ ከፍ ማድረግ ይሻላል።

በሩ ሰው ሳይጎነበስ የሚያስገባ ይሁን። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ቤቱን የሚሠራው አባወራው ሲሆን በየቀኑ የምትገባው ብዙውን ጊዜ እማወራዋ ናት። መጥረጊያና አካፋ ይዞ ቀጥ ብሎ የማይገባበት ቤት አይጸዳም።

ቆጥና የእንቁላል መጣያ

ለአንድ ዶሮ 20 ሳንቲ ሜትር የቆጥ ቦታ ይታሰባል። ስለዚህ እያንዳንዳቸው 2 ሜትር ተኩል የሆኑ ሁለት አጣናዎች ለ25 ዶሮ ይበቃሉ። ከወለል 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላሉ፣ ሁለቱም እኩል ከፍታ ላይ ይሆናሉ። አንዱ ከፍ ካለ ሁሉም እዚያ ለማደር ይጣላሉ።

መጣያው 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጨለም ያለ ሳጥን ወይም ከጭቃ የተሠራ ጎጆ ነው። አንድ መጣያ ለ5 ዶሮ ይበቃል። ከቆጡ ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፣ አለበለዚያ ዶሮዎቹ ያድሩበትና እንቁላሉ በኩስ ይቆሽሻል።

ጉዝጓዝ

የተከተፈ የገብስ ወይም የስንዴ ገለባ፣ የጤፍ ጭድ ወይም ሰጋቱራ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይነጠፋል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይገላበጣል። ሁኔታውን ለማወቅ አንድ እፍኝ ወስዶ መጨበጥ ነው፤ እጅ ሲከፈት ተጣብቆ ከቀረ እርጥብ ነው፣ የረጠበው ተወግዶ ደረቅ ይጨመር። ሽታውን ለማወቅ ደግሞ ቁጢጥ ብሎ ማሽተት ያስፈልጋል። ዶሮዋ የምትተነፍሰው ከመሬት አንድ ስንዝር ላይ ያለውን አየር ነው፤ እኛ ቆመን የማይሸተን እሷን ዓይኗን ሊያቃጥላት ይችላል። በእርጥብ ጉዝጓዝ ኮክሲዲዮሲስ ይራባል። ደም የቀላቀለ ኩስ ሲታይ ሳይውል ሳያድር ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ይገባል።

ውኃ የሚፈሰው ብዙውን ጊዜ ከመጠጫው ሥር ነው። 25 ዶሮ በቀን ከ6 ሊትር በላይ ውኃ ትጠጣለች፣ በሙቀት ወቅት ይጨምራል። ሁለት መጠጫ በዶሮዋ ጀርባ ቁመት ልክ በድንጋይ ላይ ቢቀመጥ መፍሰሱ ይቀንሳል።

መዋያ ግቢ

ከቤቱ ጋር የተያያዘ 5 በ10 ሜትር ቦታ ይታጠርና በመሐል ለሁለት ይከፈላል። በአንዱ ሲውሉ ሌላው ያርፋል፤ ሣሩ እንደገና ሲያቆጠቁጥ ይዛወራሉ። ሳይከፈል የዋለ ግቢ በአንድ ክረምት ጭቃ ሆኖ የትላትል መራቢያ ይሆናል። የአጥሩ ከፍታ 1 ሜትር ከ80፣ ከሥሩም አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ተቀብሮ በድንጋይ ይያዛል። ለጥላና ከጭልፊት መሸሸጊያ እንዲሆን ሰስባንያ መትከል ጠቃሚ ነው። በአንድ ጥግ አመድና ደረቅ አፈር ይደረግላቸው፣ ተንከባለውበት ቅንቅን ያራግፋሉ።

አዲስ ቄቦች የመጀመሪያውን አንድ ሳምንት ከቤት አይወጡም። ቤቱን ካወቁ በኋላ ማታ ራሳቸው ይመለሳሉ፤ ከመጨለሙ በፊት ተቆጥረው በሩ ይዘጋል።

ፈንግልና እንግዳ

ከላይ የተባለው ሁሉ ተሟልቶ ፈንግል ከገባ ቤቱን በጥቂት ቀናት ባዶ ሊያደርገው ይችላል። ሕክምና የለውም፣ ክትባት ግን አለው። ቄብ ሲረከቡ የትኛው ክትባት መቼ እንደተሰጠ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። በዓይን ጠብታ የሚሰጠው ሙቀት የሚችል ክትባት በየ3 ወይም 4 ወሩ ይደገማል። አንድ ብልቃጥ ከ25 ዶሮ በላይ ስለሚበቃ ጎረቤቶች ተነጋግረው በአንድ ቀን ማስከተብ አለባቸው፤ የጎረቤቱ ሀበሻ ዶሮም ጭምር።

ለበዓል ገበያ ወጥቶ ሳይሸጥ የተመለሰ አውራ ዶሮ ከመንጋው ጋር አይቀላቀልም፤ ቢያንስ 2 ሳምንት ለብቻው ይቆያል።

ሞዴል አርሶ አደር ደግሞ ሌላው የሌለበት ችግር አለበት። ለልምድ ልውውጥ የሚመጣው ሰው ሁሉ ከራሱ ዶሮዎች ግቢ ኩስ በጫማው ይዞ ይመጣል፤ ባለሙያውም በአንድ ቀን ብዙ ቤት ያዳርሳል። እንግዳ መመለስ ነውር ነው ተብሎ በሩ ከተከፈተ ጉዳቱ ለባለቤቱ ነው። ስለዚህ ጎብኚ በሽቦው በኩል ከውጭ ሆኖ ይይ፤ የግድ የሚገባ ከሆነ በር ላይ በተቀመጠ የቤት ጫማ ይቀይር። ይህን ለግብርና ባለሙያ መናገርም አያሳፍርም።

የተግባር ሥራ

እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ቤቱንና መዋያውን በገመድና በችካል መሬት ላይ ያስምር። በሚቀጥለው ሳምንት የቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ መጥቶ ልኬቱን፣ የውኃውን መውረጃና የነፋሱን አቅጣጫ አይቶ ካጸደቀ በኋላ ምሰሶ ይቆማል። የቄብ ምዝገባ የሚካሄደው የቤቱ ሥራ አልቆ ከታየ በኋላ ይሆናል።