ሱዳን ውስጥ ላለው የቱነይድባ ስደተኞች ካምፕ አዲስ መምህርት

ልጄ፣ «ልጆቹን በምክንያት ማሰብ እንዴት ላለማምዳቸው?» ብለሽኛል። የማውቀውን ልጻፍልሽ።

1. ከትርጉም አትጀምሪ። «አመክንዮ ማለት…» ብለሽ ሰሌዳ ላይ ከጻፍሽ ይገለብጡታል፣ ይሸመድዱታል፣ እዚያው ይቀራል። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲዎች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ሎጂክ ያስተምራሉ፤ ደግ አደረጉ። የኛዎቹ ግን እስከዚያ ይቆዩ አይባልም።

2. ከአፈሩ ጀምሪ። ክረምት ሲገባ የገዳሪፍ ዋልካ መኪና እንደሚይዝ ካንቺ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «ኃይለኛ ዝናብ ከጣለ የራሽን መኪና አይገባም። ዛሬ መኪናው አልገባም። ስለዚህ ዘንቧል።» ልክ ነው? ብዙዎቹ «አዎ» ይሉሻል። አትቸኩዪ፤ መኪና የሚያስቀር ሌላ ምን እንዳለ ይናገሩ። ነዳጅ አልቆ ይሆናል፣ ጎማ ፈንድቶ፣ ቀኑ ተለውጦ። ይኼኔ አንዱ ከኋላ «እንግዲያ መዝነቡን በምን አወቅን?» ይላል። አሁን ገልብጪው፦ «መኪናው ገብቷል፤ ስለዚህ ኃይለኛ ዝናብ አልጣለም።» ይኼኛው ይቆማል። ለምን እንደሚቆም እነሱ ያስረዱሽ። ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢፈጅም ይፍጅ።

3. ወሬን ፈትሹ። ካምፑ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ወሬ ጠፍቶበት አያውቅም፤ በሚያዝያ 2015 ሱዳን ራሷ ጦርነት ከገባች በኋላማ አይጠየቅም። «ካምፑ ሊዘጋ ነው»፣ «የሦስተኛ አገር ምዝገባ ተጀመረ» በተባለ ቁጥር ያለውን ሸጦ ለደላላ የሚከፍል ሰው አይጠፋም። ልጆቹ ይጠይቁ፦ ማን አየ? ያወራው ከማን ሰማ? ውሸት ቢሆን ኖሮ ምን እናይ ነበር? የመጨረሻዋ ከባድ ናት። ታዲያ ሁሉን «ውሸት ነው» የሚል ልጅም ሁሉን ከሚያምነው አይሻልም። «ጦርነት ሊመጣ ነው» ሲባልም መጀመሪያ ወሬ ነበር፤ እነሱ ግን የሐምዳይትን ድንበር ተሻግረው እዚህ ናቸው።

4. «ዝም አይነቅዝም» እና «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚሉትን ተረቶች ጎን ለጎን ጻፊ። የቱ መቼ እንደሚሠራ ይከራከሩ።

5. ሙግት አስለምጃቸው። አባቶቻችን «በላ ልበልሃ» እያሉ፣ ማርና በቅሎ እየተወራረዱ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ይሟገቱ ነበር፤ መንገደኛ ሳይቀር ይዳኛቸዋል። ከዚያ መጠያየቁን ውሰጂ፣ ውርርዱን ተዪ። ምላሰኛው እውነተኛውን የሚረታበት ጊዜ ነበርና፣ መሀል ላይ ወገን አቀያይሪያቸው፤ ሲቃወም የነበረው ይደግፍ። ጦርነቱን ርእስ አታድርጊ፤ ሰው የሞተባቸው ልጆች ናቸው። ይልቅ «ውኃ ሰልፍ ላይ ቀድሞ የደረሰ ይቅዳ ወይስ ነፍሰ ጡር ትቅደም?» በያቸው።

6. ይህን የለመደ ልጅ ቤት ገብቶ እናቱን «በምን አወቅሽ?» ይላታል። እሷም «ልጄን ባለጌ አደረግሽብኝ» ብላ ትመጣብሻለች። አትከራከሪያት። ወንበር ስጫትና የውኃውን ሰልፍ ሙግት እሷ ትዳኝልሽ።